የባሌን ልደት ላከብር ሄጄ ከኩሽና ሠራተኞች ጋር ተሰለፍኩ

መጋረጃውን በአንድ ጣቴ ገለጥ አድርጌ ሳይ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በምግብ ቤቱ ዋና በር ገቡ። አንደኛው ታብሌት ይዟል። የመጨረሻው ከገባ በኋላ በሩን ዘጋው።

አስተናጋጁ ትሪውን እንደተሸከመ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለራሱ በሚመስል ድምፅ «ተፍቲሽ» አለ።

ፍተሻ ማለት ነው። እዚህ አገር የምትኖሩ ትርጉም አያስፈልጋችሁም። ጆሯችሁ ሳይሰማት ሆዳችሁ ይሰማታል።

መጀመሪያ ራሴን አጽናናሁ። እኔን ምን አገባኝ? ወረቀቴ ደህና ነው፤ ምሳዬን የምበላ ሰው ነኝ።

ከዚያ ባሌ ትዝ አለኝ።

ባሌ ኩሽና ውስጥ ነው። የኩሽና ሽርጥ አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ ጭልፋ ይዞ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ አይሠራም። እንደኔው ሊበላ የመጣ ደንበኛ ነው። ያውም ልደቱ ነው!

እህቶቼ፣ ዛሬ የገባሁበትን ጉድ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ጨምራበታለች እል ነበር። ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ። ድሮም ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ቀሪውን ስልክ ነው ያስተማረኝ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ዘይነባ ነኝ፤ እዚህ ሰፈር ኡሙ ሃያት፣ የሃያት እናት፣ ይሉኛል። ጂዳ፣ በኒ ማሊክ፣ ከልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ባሌ ሰይድ መካ ነው ሥራው፤ ዓዚዚያ ያሉትን የሐጃጅ ማረፊያ ሕንፃዎች መብራት ይጠግናል። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። በሐጅ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይመጣም።

ሲመጣም ልጆቹ መሀላችን ናቸው። ባልና ሚስት ሆነን የምንነጋገረው በሹክሹክታ ነው፤ ያውም ስለ ጋዝና ስለ ውሃ።

ሰይድ ምግብ ይወዳል።

ሆዳም ነው ማለቴ አይደለም። ሆዳም ሰው የቀረበለትን ይበላል፤ ይሄኛው ይመረምራል። ሰርግ ስንጠራ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ አያውቅም፤ የምታገኙት ድስቱ ጋ፣ ከሴቶቹ መሀል፣ ሽንኩርት ሲያማስል ነው። እኔ ያበሰልኩትን ቀምሶ «ዛሬ ኮረሪማው ቸኩሎብሻል» የሚል ሰው ነው። ኮረሪማ ይቸኩላል እንዴ? ብቻ ስቀምሰው እውነቱን ይሆናል።

ምግቡ እጅግ ከጣመው ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ከጨፈነ አልፋችኋል።

ከዚያ ደግሞ ያበሰለውን ሰው ሳያይ አይሄድም። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ጉዱ ከዚች ነው የጀመረው።

የልደቱን ነገር ያመጣችው ትልቋ ልጄ ሃያት ናት። እዚሁ ያደገች ስለሆነች የሁሉም ሰው ልደት ስልኳ ላይ አለ። «እማ፣ የባባ ልደት መቼ ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? እሱም አያውቀው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ደላላው ከኪሱ አውጥቶ የጻፈለት ቀን ነው፤ ጃንዋሪ አንድ። የኔም ጃንዋሪ አንድ ነው። የጎረቤቴም። በኒ ማሊክ ያለን ሐበሾች ብንቆጠር ግማሻችን መንታ ነን።

ስለዚህ ወሎ ደውዬ አማቴን ጠየቅኋት። ትንሽ ስቃ «መውሊድ ነው የወለድኩት» አለችኝ። መውሊድ ደግሞ ደርሷል። ሐጃጁ አገሩ ገብቷል፣ ሕንፃው ባዶ ነው፣ ሰይድም ፋታ አለው። አላህ ያመቻቸው መሰለኝ።

ልደት ማክበር ሐራም ነው ልትሉኝ ኮሜንት ላይ የምትመጡ፣ ዛሬስ ተዉኝ። ቅጣቴን ተቀብያለሁ።

ሃያት የጂዳን ባሕር ዳር ምግብ ቤቶች በቪዲዮ አሳየችኝ። ሻማ አለ፣ አበባ አለ። ሳህኑ ሕፃን ያሳጥባል፤ ምግቡ ግን መሀሉ ላይ ጉብ ብሎ ባለቤቱ ረስቶት የሄደ ይመስላል።

«ሮማንቲክ ነው እማ» አለችኝ።

«አባትሽ የቀረውን መቼ ነው የሚያመጡት ቢለኝስ?»

«ታዲያ የት ልትወስጂው ነው? ሳንዱች ቤት?»

ያን ሰሞን እዚህ ገጽ ላይ የጠየቅኋችሁ ለዚሁ ነበር። ምግቡ የሚያጠግብ፣ ሰው የማያፈጥበት፣ ጌጥ የማያበዛ፣ ለባልና ሚስት የሚሆን ቤት ጠቁሙኝ ብዬ። አንዷ ኮርኒሽ፣ ባሕር ዳሩን ማለት ነው፣ አለችኝ። አንዷ «ባልሽን ተዪና ብቻሽን ብዪ» አለችኝ፤ አላህ ይስጥሽ። መካ ያለች አንዲት እህት ግን ዓዚዚያ ውስጥ፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ የመኖች የሚሠሩበት የመንዲ ቤት አለ ብላ ሎኬሽን ላከችልኝ። ሩዝና የፍየል ሥጋ ብቻ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ለቤተሰብ የተከለለው ቦታ ደግሞ መጋረጃ አለው አለችኝ።

መጋረጃ።

ሳቁብኝ፤ ለኔ ሮማንቲክ እሱ ነው። ጫማ አውልቄ፣ እግሬን አጣጥፌ፣ ፊቴን ገልጬ፣ በእጄ እየበላሁ፣ ልጅ ሳይጮህብኝ ባሌን ፊት ለፊት ማየት። ሻማውን ለወደዱት።

ዛሬ ነጭ ጀለቢያውን ተኩሼ፣ እንዳይጨማደድ ክንዴ ላይ ዘርግቼ፣ ልጆቹን ለጎረቤቴ ትቼ መካ ሄድኩ። ሰይድ በሥራ ልብሱ ወጥቶ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ምሳ ልጋብዝህ ነው።»

«አንቺ?»

«አዎ እኔ።»

«ዘይኑ፣ የሞተውን ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ።»

ልደትህ ነው አላልኩትም። ሃያት «ሰርፕራይዝ ነው፣ በልቶ ሲጨርስ ንገሪው» ብላኛለች። እኔም እንደተማረ ሰው ልሁን ብዬ ዋጥኩት፤ ጀለቢያውን አስለብሼ ይዤው ሄድኩ።

ቤቱን ስታዩት ምንም የለውም። ምንጣፉ ያረጀ፣ ግድግዳው ባዶ። ግን ንጹሕ ነው። መጋረጃው ተዘጋልንና አንድ ሰፊ ትሪ መጣ። ሰይድ አንድ ጊዜ ጎረሰ።

ዓይኑን ጨፈነ።

ደስታዬን አልነግራችሁም። አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ በአፌ አጎረሰኝ። ልጆቹ ከተወለዱ ወዲህ እንዲህ አጉርሶኝ አያውቅም። ጉንጬ ሞልቶ ሳቅ ሲያንቀኝ እሱም ሳቀ።

«ይኼን ሥጋ ማን ነው የነካው?» አለ ቀጥሎ።

«ብላ ዝም ብለህ።»

«ሳልነካው እኮ ካጥንቱ ወረደ። ጭሱ ውስጡ ድረስ ገብቷል። እንዴት አድርገው ነው?»

«ሰይድ፣ ቁጭ በል።»

«አንዴ አይቼው ልምጣ። ሰላም ብዬው።»

የራሱን ጫማ እንኳ አላጠለቀም፤ በር ላይ ያገኘውን የኩሽና ነጠላ ጫማ አድርጎ ሄደ። እኔም ከኋላው «ጀለቢያህን እንዳታበላሽ» አልኩት።

ይቺን ነው ያልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። ግን እናንተ ፍረዱኝ፤ ጀለቢያውን የተኮስኩት እኔ ነኝ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየዋለሁ። ምግብ አብሳዩ ደስ የሚል ሽማግሌ የመኒ ነው። ሥጋው የሚበስለው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ምድጃ ነውና ሰይድ አንገቱን አስግጎ ወደ ጉድጓዱ ያያል። ከዚያ ጀለቢያውን እያሳየ የሆነ ነገር አለው። ሽማግሌውም ከሚስማር ላይ ሽርጥ አውርዶ አንገቱ ላይ አጠለቀለት፣ ከኋላም አሰረለት። ጭልፋም ሰጠው።

ሚስቱን የሚሰማ ባል ብዬ ኮራሁ።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው።

አሁን የፈራሁትን ነገር በደንብ ልንገራችሁ። የሰይድ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው የሚለው። ከፊሉ፣ አሠሪው ማለት ነው፣ ሌላ ሰው ነው። እዚህ ከከፊላችሁ ውጭ ለሌላ ስትሠሩ ከተያዛችሁ ኸላስ፣ አለቀ፤ አሻራ ሰጥታችሁ ወደ አገር ናችሁ። እኔና ልጆቹ ያለነው ደግሞ በሱ ኢቃማ ነው። እሱ ከተነቀለ ሁላችንም ተነቀልን። ሃያት ወሎን የምታውቀው በስልክ ነው። ትንሹ አማርኛ ሲናገር እንኳ ዓረብኛ እየመሰለበት ነው።

ሽርጥ ያጠለቀ፣ ጭልፋ የያዘ፣ ኩሽና ውስጥ የቆመ ሐበሻ ደንበኛ ነው ብሎ ማን ያምናል?

እኔም ባላውቀው አላምነውም።

ስልክ ደወልኩለት። ስልኩ አጠገቤ፣ ትራሱ ላይ ጮኸ። በሁለት እጄ አፈንኩት።

እንዳትፈርዱብኝ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት መሮጥ ነው። ቦርሳዬን አንስቼ፣ ታክሲ ይዤ፣ ልጆቹን ይዤ… ወዴት? በሩ ላይ እንኳ ሰው ቆሟል። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አንድ ላይ ቀላቅዬ አልኩት።

ከዚያ ቦርሳዬን ትቼ ተነሳሁ። እግሬ ያገኘውን ጫማ አጥልቄ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው ጫማው ጧ ጧ ሲል ዝቅ ብዬ ያየሁት። የሰይድ ጫማ ነው። ሁለቱም።

ለመመለስ ጊዜ የለም።

ኩሽናው በር ላይ ስደርስ ግድግዳ አስደግፈዋቸዋል። ሽማግሌው አብሳይ፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለት ባንግላዴሾች፣ መጨረሻ ላይ ሰይድ። ሽርጡ እንዳለ ነው። ጭልፋውን ደረቱ ላይ እንደ መታወቂያ ይዞታል።

ታብሌት የያዘው ወጣት ነው። የሰይድን ኢቃማ ተቀብሎ አነበበ።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ» አለ። «ታዲያ ጭልፋው ምንድነው? መብራቱ የጠፋው ድስቱ ውስጥ ነው?»

ሰይድ መዋሸት አይችልም። ለዛሬ ብቻ ቢችል ምን ነበረበት።

«እየቀመስኩ ነበር» አለ።

«በቀማሽነት ነው የቀጠሩህ?»

«ማንም አልቀጠረኝም። ጨው አንሶት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አብሳይ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቀለ።

ያኔ ሰይድ በር ላይ አየኝ። ፊቱ አመድ ሆነ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በአማርኛ፣ «አላውቅሽም፣ ተመለሺ» አለኝ። «ልጆቹ ጋ ሂጂ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እሱ ቢወሰድ እንኳ እኔ ዛሬ ማታ ልጆቹ አጠገብ እንድገኝ ነው። አብረን ኖረን አላውቅሽም ብሎኝ አያውቅም። ልቤን ሁለት ቦታ ነው የቆረጠው።

እግሬ ግን እንቢ አለ። ጫማውም ከባድ ነው።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው፣ ጺሙ የሸበተው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። «ይቺ ደግሞ ማናት?»

ከመጋረጃው እስከ ኩሽና ድረስ ስንት የሚያምር ዓረብኛ ሳዘጋጅ መጥቻለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ይኼ ነው፦

«ሀዲር፣ መዳም።»

እሺ እመቤቴ አልኩት። ጺማሙን ሰውዬ። ከማግባቴ በፊት ሰው ቤት ስሠራ የኖርኩባት ቃል ናት፤ ስደነግጥ ምላሴ የሚያገኛት እሷን ብቻ ነው።

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «ይቺም ሠራተኛ ናት። እዚያ ቁሚ።»

ቆምኩ።

ምን ላድርግ? ቁሚ ሲሉኝ ቆምኩ። ባሌን ላድን ገብቼ ከባሌ ቀጥሎ ተሰለፍኩ። ጀርባዬ የግድግዳው ስብ ላይ ተለጠፈ።

«አትምጪ ስልሽ» አለኝ ሰይድ በሹክሹክታ።

«ሂጂ ነው እንጂ አትምጪ መቼ አልከኝ?»

«አንድ ነው።»

«ጭልፋውን አስቀምጠው።»

«የት ላስቀምጠው? መሬት?»

«ዝም በሉ!» አለ ወጣቱ።

ዝም አልን። ሹክሹክታውን ከቤታችን ለምደነዋል፤ ለካ ለዚህ ቀን ነው።

ትልቁ ሰውዬ ግን እኔን ማየቱን አልተወም። «አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም።

እንደምንም ተነፈስኩ። «ዘውጂ» አልኩ ወደ ሰይድ እያሳየሁ፤ ባሌ። «ምሳ እየበላን ነበር። ዛሬ ዒድ ሚላዱ ነው።» ልደቱ ማለቴ ነው።

ቃሏ ከአፌ እንደወጣች ነው የደረቅሁት። መካ ቆሜ፣ ለጺማም ሰው፣ ልደት ላከብር ነው የመጣሁት አልኩ። አንዱ ጥፋት አልበቃ ብሎኝ ሁለተኛ ጨመርኩበት።

ወጣቱ ታብሌቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «የዚህ ሰው ልደት ጃንዋሪ ነው። ትዋሻለች።»

ትልቁ ሰውዬ ወደ ሰይድ ዞረ። «ዛሬ ልደትህ ነው?»

ሰይድ ሰውየውን አየ። እኔን አየኝ። ጭልፋውን አየ።

«የማን?» አለ።

አልነገርኩትማ። ሰርፕራይዝ ነዋ።

«ያንተ!» አልኩት በአማርኛ።

«የኔ? እኔ ልደት የለኝም» አለ። ለኔ አይደለም፤ ለሰውየው፣ በጥሩ ዓረብኛ።

ወጣቱ መጻፍ ጀመረ። ጣቱ ታብሌቱ ላይ በሄደ ቁጥር ሃያትን፣ ቀጥሎ መሀለኛውን፣ ቀጥሎ ትንሹን የሚሰርዝብኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። ስወልድም አልፈራሁም።

ከዚያ አፌ ራሱ ተከፈተ። ዓረብኛዬ እንኳን በፍርሃት በደስታም ጎዶሎ ነው። እንዲህ እያልኩ ነበር፦

«ጃንዋሪ የለም። ጃንዋሪ ደላላ። እናቱ ነገረችኝ። መውሊድ። ሌሊት። ድቤ ዱም ዱም ዱም።»

አጠገቤ የነበረውን የድስት ክዳን በመዳፌ መታሁት። ለምን እንደመታሁት አትጠይቁኝ።

«ሰው ሁሉ መንዙማ። ሰው ሁሉ ይጨፍራል። እናቱ ቤት ውስጥ ትጮሃለች። ማንም አይሰማም። ዱም ዱም ዱም። ልጅ መጣ። ብቻዋን። እሱ ነው። ይኼ ነው። ልጅ ሲመጣ ጃንዋሪ አልነበረም።»

እንባዬ እየወረደ ክዳኑን እደበድባለሁ።

ምድጃው ብቻ ይንጣጣል።

«እማ ናት የነገረችሽ?» አለኝ ሰይድ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ለኔ ነግራኝ አታውቅም።»

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ጭልፋውን ከደረቱ ላይ ዝቅ አደረገው።

ትልቁ ሰውዬ መዳፉን ዘረጋና የክዳኑን መመታት አስቆመኝ። ወደ ወጣቱ ዞረ።

«የአያትህ መታወቂያ ልደቱ መቼ ነው ይላል?»

ወጣቱ ግራ ገባው። «ረጀብ አንድ።»

«የአያትህ ወንድሞችስ?»

«… ረጀብ አንድ።»

«ያባቴም ረጀብ አንድ ነው። አጎቶቼም፣ ጎረቤቶቹም። ሸለቆው በሞላ የተወለደው በአንድ ጠዋት ነው» አለ። «አዋላጇን አላህ ይዘንላት።»

ለካ እዚህም የጥንት ሰው ቀኑ አይታወቅም! ላልታወቀ ሁሉ በእስልምናው ወር ረጀብ አንድ ብለው ነው የጻፉለት። እኔ ደላላ የወሎን ሰው ብቻ የሚወልድ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌው አብሳይ በሳል አስመስሎ ሳቀ። ወጣቱ ግን ጣቱ ታብሌቱ ላይ እንደቆመ ነው።

«የት ነው የተቀመጣችሁት?» አለኝ ትልቁ ሰውዬ።

በጣቴ አሳየሁት። ወጣቱን ላከው። በኩሽናው በር አየዋለሁ፤ መጋረጃውን ገልጦ አጎንብሶ አየ። ቆየ። ለምን ቆየ? ተመልሶ ሲመጣ እርምጃው የዘገየ መሰለኝ።

«ሁለት ሰው የበላበት ትሪ ነው። የሴት ቦርሳ አለ። የወንድ ስልክም አለ። ሥጋው አላለቀም።»

«አላስጨረሱኝማ» አለ ሰይድ።

ክርኔን ጎኑ ውስጥ ከተትኩት።

ትልቁ ሰውዬ እግሬን አየ። የኔን ትንንሽ እግሮች የዋጠውን የወንድ ጫማ አየ። ከዚያ የሰይድን የኩሽና ነጠላ ጫማ አየ። ጺሙ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ለሰውዬው ጫማውን ስጪው» አለኝ። ለሰይድም ኢቃማውን መለሰለት። «አንተም ምግብ ሲጣፍጥህ እዚያው ተቀምጠህ አልሐምዱሊላህ በል። ኩሽና ለሠራተኛ ነው። ዛሬ እኔ ባልሆን ምን ትሆን ነበር?»

ሰይድ አንገቱን ደፋ። ሽርጡን አወለቀ።

ጀለቢያው ላይ አንዲት ጠብታ የለም።

ፈጥነን ልንወጣ ነው፤ ሰይድ ግን ለሽማግሌው ጭልፋውን ሲመልስ ጎንበስ ብሎ «ቅርንፉዱን የምትጨምረው ከሩዙ በፊት ነው በኋላ?» አለው። በሰው ፊት ቆነጠጥኩት። እስኪበልዝ ነው የቆነጠጥኩት።

ጂዳ እስክንገባ ድረስ አለቀ ብላችሁ እንዳታስቡ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በየደቂቃው ወደ ኋላ አያለሁ። ሰውዬው ሐሳቡን ቢቀይርስ? ወጣቱ የጻፈውን ባይሰርዘውስ? መንገድ ላይ ያለው ኬላ ላይ ስንደርስ መታወቂያችንን ጠየቁን፤ ሁሌ የሚጠይቁት ነው። እኔ ግን ጣቴ ቦርሳዬን መክፈት አቅቶት ሰይድ ነው የከፈተልኝ። ፖሊሱ አየ፣ መለሰ፣ «ያላ» አለ። አለፍን። ካለፍን በኋላ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። ሾፌሩ በመስታወት አይቶ ሬዲዮኑን ቀነሰልኝ።

ከምግብ ቤቱ የተጠቀለለልን ሥጋ ሰይድ ጉልበት ላይ ነው።

«ድቤው ሲመታ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ማንም አልሰማትም?»

«ማንም። ሲነጋ ነው የመጡላት።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «ስንት ዓመቴ ነው ታዲያ?»

«እሱን አልጠየቅኋትም።»

ሳቅ አመለጠው። እኔንም አመለጠኝ። ሾፌሩ ባልና ሚስቱ አብደዋል ሳይል አይቀርም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂጂ ስልሽ ለምን አልሄድሽም?» አለኝ።

«በአንተ ጫማ ወዴት እሄዳለሁ?»

እጄን ያዘኝ። በቀን፣ ሾፌር እያየ፣ ጂዳ እስክንገባ አልለቀቀኝም።

በሩን ስንከፍት ሃያት አስቀድማ የጠየቀችው «ሮማንቲክ ነበር?» ብላ ነው።

አባቷ «በጣም» አላት። «ግድግዳ ላይ አቁመውን ነበር።»

አልገባትም፤ ነገ እነግራታለሁ። አሁን ሥጋውን አሙቆ ለልጆቹ እያካፈለ ስለ ምድጃው በእጁ እያሳየ ያወራል። ነገ ወለሉን ቆፍሮ ሊሠራ እንደሆነ ከአነጋገሩ ገብቶኛል፤ አከራያችን ይድረስልኝ።

እህቶቼ፣ የዛሬው ትምህርቴ ይኼ ነው፦ ባላችሁ ምግብ የሚወድ ከሆነ ምግብ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ባላችሁን የምታስሩበት ገመድ ምረጡ። ልደቱንም ንገሩት። ቢያንስ ሲጠይቁት «የማን?» እንዳይል። ወይስ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ ዓይነት ያገባሁት?

ለማንኛውም አትጨነቁልኝ። በኒ ማሊክ ቤታችን ገብተናል፤ በሩን ቆልፌዋለሁ። ልጆቹ አሉ፣ ሰይድም አጠገቤ ነው። ማንም አልተወሰደብኝም። ደህና ነን።